ሃያ አንድ ሳድሲት

ከስዊፍት ከረንት ወዲያ
መንገዱ ክር ነው፤ ስንዴውን ለሁለት ገምሶ ይነጉዳል፤
ከዚያ ወንዝ ሳይኖር፣ ጉብታ ሳይኖር፣ ድንገት ተሰብሮ ይታጠፋል።
እንግዳ ሾፌር ይራገማል።
ጥፋቱ የመንገድ አይደለም፤ የጥንት ቀያሽ በሰንሰለት
አራት ማዕዘን ሲያነጥፍ፣ ምድር እምቢ ብትለው በክብነት፣
ያችን እጥፋት ትቶላት ሄደ፣ እንደ ካሳ፣ ለእርቅ ምልክት።

እኔም ቀያሽ ነኝ። ዛሬ የመጣሁት ለሁለት ወንድማማች፣
ለኮርኔሊየስና ለዲትሪክ ፍሪሰን፣ ለዘጠኝ ዓመት ኩርፊያ፣
ክንድ ለማትሞላ መሬት፣ ከአጥራቸው ሥር ለተኛች።

«አጥሩን ያራመድኸው አንተ ነህ!» «እኔስ ንቅንቅ አላልሁም!
የሄደው ያንተ ነው!» ቆመናል ይላሉ ሁለቱም።
ማን ቆመ? ማን ሄደ? እኔ እንደሆን ዳኛ አይደለሁም፤
ከነአጥራቸው፣ ከነካስማቸው ምድር ስትከንፍ፣ የቆመ አላየሁም።

የብረቱን ካስማ ከሣር ሥር አገኘሁት፤ ዝጓል፣ ቁጥሩ ተፍቋል፤
ባለሦስት እግሩን ከላዩ ተከልሁ፤ መሣሪያው ጆሮውን ቀስሯል።
ዘጠኝ ሳተላይት ተሰማ። አሥር። አሥራ አንድ።
ሁሉም የሚናገሩት ይህንኑ ነው፦ «ሰዓቱ ይህ፣ እኔ እዚህ ነኝ»፤
ቃሉ ሃያ ሺህ ኪሎሜትር አቋርጦ በአሥር ራብዒት ሲደርሰኝ።

ራብዒት ያልሁት ያለነገር አይደለም።
ባሕረ ሐሳብ ያስቈጠሩኝ መምህር ቀንን ለስድሳ ኬክሮስ፣
ኬክሮስን ለስድሳ ካልዒት፣ ካልዒትን ለሣልሲት ሲመነዝሩ፣
ራብዒት፣ ኃምሲት እያሉ ከሳድሲት ሲዘልቁ
«ለምን ይጠቅማል?» ብያቸው ነበር።
አልመለሱም፤ ሳቁ።

ይኸው ጠቀመ።
እላይ ያለ ሰዓት ከምድር ጉተታ ስለራቀ
በቀን ሃያ አምስት ሳድሲት ይቀድማል፤
ስለሚሮጥ ደግሞ አራቱን ይመልሳል፤
ሃያ አንድ ይተርፋል።
ይህን ትርፍ ማንም ባያርመው፣ ነገ ይህን ጊዜ
የፍሪሰን እርሻ አሥራ አንድ ኪሎሜትር ተጉዞ
ሰው ቤት ያድራል።
ስለዚህ ሰዓቱ ገና ሳይመጥቅ፣ ምድር ላይ ሳለ፣
ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ይደረጋል፦
ከታች ሐሰተኛ፣ ከላይ እውነተኛ።

ማታ ላይ ስሌቱ ወጣ።
«አጥሩ ተዛንፏል፤ ለዲትሪክ አራት ጣት ይመለስ» አልኋቸው።
ለዘጠኝ ዓመት ኩርፊያ አራት ጣት።
ነፋስ ብቻ ነበር መሃላቸው።
ዲትሪክ እጁን ዘርግቶ ቈጠረ፤ ትንሿን ጣት
ማጨጃ የቆረጣት ዱሮ ነው።
ከዚያ፣ ፊቱን ወደ ወንድሙ ሳያዞር፣
«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለው።

ኮርኔሊየስ እጅጌውን ሰበሰበ። «ሩብ ጉዳይ።»
«የኔ ሃያ ጉዳይ ይላል።»
«ያንተ ይዘገያል።»
«ያንተ ይቀድማል።»

መሣሪያዬን አጣጠፍሁ።
ከእህል ጎተራው ጀርባ አንዷ ሳተላይት ጠልቃ ሌላዋ ስትወጣ
ገና ቆመው ይከራከሩ ነበር።