አንድ ኪሎ ሳንባ

ገና ሳይነጋ፣ ላፓዝ ገበያ፣ ሥጋ ከተሰቀለበት መሃል፣
ኖንግ ቴምዮ ቢላውን እየሳለ «ዛሬስ ምን ልቁረጥ?» ይለኛል።
«ሳንባ፣ ከነጉሮሮው፣ ጥንድ እንዳለ፣ እንዳትበሳብኝ አደራ።»
«የምን ድግስ ኖሮ? የስንት ሰው ምሳ? የማንስ ይሆን ተራ?»
«አይበላም» አልኩት፤ «እንማርበታለን።»
ሳቀ። ሳቁ መሃል አንድ ነገር፣ እንዳልተዘጋ በር፣
ሲጥ አለ።

ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ስንት ቀመር ያዝኩ፣ ስንቱ ሌሊት ነጋ፣
በካርቶን ጽፌ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ሳነበንብ ከእንሽላሊት ጋ።
የኦክስጅኑን መጠን፣ የቱቦውን ቁጥር፣ የደሙን ኮምጣጣነት፤
ያጠናሁት ሁሉ ከጆሮዬ ይፈሳል ጂፕኒው ላይ ሳንቀላፋበት።
እናቴ ከማዶ ደሴት ስትደውል «ነርስ ነሽ ወይስ ሐኪም?» ትላለች፤
«ትንፋሽ ነው የምማር» ስላት
«እሱንማ ሳትማሪ ተወለድሽ» ብላ ትስቃለች።

ባልዲ ታቅፌ ተሳፈርኩ፤ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ፣
ሳንባው ፌስታል ውስጥ፣ ግራጫ፣ እርጥብ፣ ከበረዶ ጋር ቀዝቅዞ።
መምህርት ፓላብሪካ ቱቦውን አስራ «ነይ ኔሪሳ» አለችኝ፤ «ጭመቂ»፤
የአየር ከረጢቱን ጨመቅኩ። እምቢ አለ። «በርቺ» አለች፤ «አትሳቀቂ።»
ከዚያ አንዱ ጥግ ተነሣ፤ ጎኑ ያለው ቀጠለ፤
መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ በየቤቱ በየተራ ቦግ እንዳለ፣
ግራጫው ቀላ፣ እስከ ጫፍ ሞላ፤
ያ ቀልደኛው ሬናንቴ እንኳ ትንፋሹን ዋጠ፣ ቀልዱን በላ።
«ጭንቁ መክፈቱ ላይ ነው» አለች፤ «ከተከፈተ አይከብድም።
ጨርሶ እንዲከደን አትፍቀዱ፤
ጥቂት አየር ይቅር በሆዱ።»

እኔ የሰማሁት ግን ያንን በር ነው።
መጽሐፉ ያወጣለት ስም አለው፤ ፈተና ላይ ጽፌው ነጥቡን በልቻለሁ፤
ድምፁን ግን እስከ ዛሬ የማውቀው
ከላስቲክ አሻንጉሊት ደረት ነው።

ቅዳሜ ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ ጥዬ ሄድኩ።
«ኖንግ፣ ሸሚዝህን ግለጥ።»
«እዚህ? በሰው ፊት?»
ማናንግ ኦፔንግ ከዓሣዋ ማዶ ሳቀች፤ «ሚስትህ ሳትደርስ ግለጥ!»
ከመንጠቆዎቹ ሥር ጀርባውን ሰጠኝ፤ ላብ፣ ጨው፣ የትናንት ሲጋራ።
«ሳብ... አሁን አውጣ... ጨርስ...»
መሳቡ ቶሎ ነው፤ መመለሱ ነው መከራ፣
እንደ ብድር።

«ታዲያ የኔስ ሳንባ ኪሎው ስንት ያወጣል?»
አልሳቅሁም። «ሰኞ ክሊኒክ አብረን እንሂድ።»
«ሰኞ ገበያ ነው።»
«ማክሰኞ።»
ዝም ብሎ ጉበት ከተፈ፣ ለአንዲት ደንበኛ መዘነ፣ መልስ ቆጠረ።

ማክሰኞ፣ ማደሪያችን በር ላይ፣
ፀጉሩን ተቀብቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ቆሟል፤
ደረጃ የወጣ ያህል ያለከልካል፣
በእጁ ፌስታል።
«ለትምህርትሽ» አለኝ። «ሙሉ ነው።
አልበሳሁትም።»