አምስተኛው አሸዋ

«ውረዱ!» አለ ጀልባኛው፣ «ህንድ ደርሰናል» አለን፣
ሞተሩን ሳያጠፋ አንድ በአንድ ጣለን።
ዋጋው የእናቴ ያንገት ወርቅ ነበር፣
አባቴ በሰርጋቸው ያሰረላት ክር፤
ፈትታ ሰጠችውና አንገቷን ዳሰሰች፣
ዕቃ እንደ ጠፋበት ሰው ደጋግማ ፈለገች።

ባሕሩ እስከ ጉልበት፣ ጨለማው እስከ አንገት፤
ያባቴ ትከሻ ላይ የስፌት መኪና አናት፣
እግሯን ጃፍና ጥላ የተሰደደች ሲንጀር፤
«እሷ እንዳትረጥብ» ይላል፣ ስለኛ ሳይናገር።
በእናቴ ዳሌ ላይ የሁለት ዓመቱ ኩጋን፣
እኔ አንድ እግር ጫማ፤ ግራውን፣ ብቻውን።

ሲነጋ አየነው፣
ህንድ የተባለው
አንድ አውድማ የሚያህል የአሸዋ ጉብታ ነው።
ዛፍ የለው፣ ጥላ የለው፣ ከወፍ ኩስ በቀር፤
ስም እንኳ አላወጡለት፣ የሚጠራው በቁጥር፤
አምስተኛው ይሉታል።
ባሕር ሲሞላ ይጠባል፣ ሲጎድል ይሰፋል፤
አባቴ ከወገቡ ሜትሩን መዞ ይለካል።
ልብስ ሰፊ አይደል? ሁሉን በሜትር ነው የሚያውቀው፤
«ስምንት ሜትር ቀረን» አለ። ቆይቶ፣ «ስድስት ነው።»
ቆይቶ ዝም አለ።
ሜትሩን ጠቀለለ።
እናቴ አሸዋ ዝቃ ቆለለች፣ ቆለለች፣
ከቁልሉ አናት ላይ ኩጋንን አስቀመጠች።

ማታ ዓሣ አጥማጆች መጡ፤ ውሃ ሰጡን በጀሪካን፣
አንዱ መረቡን ገልጦ ከዓሣው ጋር ጫነን።

ማንዳፓም፣ መዝገብ ቤት። ጸሐፊው ቀና ሳይል፣
«ስንት ናችሁ?» ይላል።
«አምስት» አለ አባቴ።
መሬት አየች እናቴ።
«አራት ነው የማየው።»
«አንዱ መንገድ ላይ ነው።»

አንዱ ዮጋን ነበር፤ ወንድሜ፣ አሥራ ስድስት የደፈነ፣
ደብተሩን እንደያዘ ከትምህርት ቤት በር የተጫነ።
ገሚሱ «ወታደር ነው»፣ ገሚሱ «ታጋይ ነው» አለ፤
አባቴ የመኪናውን ዱካ በጭቃ ላይ ተከተለ።
የሁሉም መኪና ጎማ ዱካው አንድ ዓይነት ነው፤
እስከ አስፋልቱ ድረስ ሄደ። አስፋልት ዱካ የለው።

ጸሐፊው «አራት» ብሎ ጻፈ፤ ሩዙም ለአራት ተሰፈረ።
አባቴ ግን በዚያች ማታ አንድ ሸሚዝ መስፋት ጀመረ፤
ነጭ፣ ባለ ሁለት ኪስ፤ ለዮጋን፣ ሲመጣ።
ልጅ ያድጋል አይደል? አዲስ ዓመት በመጣ
ትከሻው ይፈታል፣ አንድ ጣት ይጨመራል፣
እጅጌው ይረዝማል፤
«አሁን ጢም አብቅሏል፣ አንገቱም ሰፍቷል» ይላል፤
ያለ ሰው፣ አየር ላይ፣ ሜትሩን ዘርግቶ ያያል።
አንዴማ «ቦርጭ ያወጣል፣ በኔ ነው የሚወጣ» ብሎ ሳቀ፤
እናቴ ተነሥታ ወጣች። ክሩ መሐል ላይ አለቀ።

አሁን አባቴ የለም። ሲንጀሯ እኔ ዘንድ ነች።
ልጄ እዚሁ መጠለያ ተወልዳ አሥረኛ ክፍል ደረሰች፤
ቅጽ ይዛ ትመጣለች፤ «እማ፣ ዜግነት ምን ልበል?»
«ባዶ ተይው» ስላት፣ «ባዶ መተው አይቻል!»
ኩጋን ቀለም ቀቢ ሆኗል፤ የሰው ቤት ነው የሚቀባው፤
ስለዚያ አሸዋ ሲጠየቅ፣ «አላስታውስም» ነው መልሱ፤ እውነቱን ነው።

ሸሚዙ ሚስማር ላይ አለ፤ ዓመቱም ሊገባ ነው።
ስፌቱን ፈታሁት፣ ሜትሩን ይዤ ቆሜያለሁ፤
አባቴ ሳይነግረኝ የሞተውን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦
ሰው አምሳ ዓመት ሲሞላው፣ የትም ይሁን፣
ይከሳል? ይወፍራል?
ላጥብበው? ላስፋው?

መቀሱ እጄ ላይ ነው።