ካሶኒ

ነጭ ነው ይሉታል፤ ነጭ ነበር እንጂ፤
ግማሹን ቀለሙን ወስዶበታል ወንጂ፣
የቀረውን ደግሞ ሽንኩርት ሲጫንበት
የመቂ ኬሻ ነው ስፖንዳው ላይ የፋቀበት።
ሃይሉክስ፣ ባለ አንድ ጋቢና፣ ናፍጣ፣
ባሌስትራው ሲንጫጫ ሰፈር የሚያስወጣ።
ባለቤቱ ቦሩ ከሞተ ሁለት ዓመት፤
ሊብሬው ግን አልሰማም፣ ይለዋል ባለቤት።

"ሽጥልኝ" አለችኝ ሎሚ፣ ሚስቱ፣ መጥታ፣
ቁልፉን በሶፍት ጠቅልላ ከቦርሳዋ አውጥታ።
"ስንት ያወጣ ይሆን?" ደላላ ነኝ እኔ፣
መኪና ሳይቆም ነው ዋጋ የምቆርጥ በዐይኔ።
ያን ቀን ግን ዝም አልሁ።
የአዳማ ነፋስ ነበር የመለሰላት፣
አቧራውን አንሥቶ፣ ጥላዋን ገልብጦባት።

በፊት በፊትማ ጊዜው የጫኝ ነበር፤
ገዢ ፍራንኮ ሲመጣ ከኋላ ነው የሚጀምር፣
ካሶኒውን በክንዱ፣ በርምጃው ይለካል፤
"ስንት ኩንታል?" ይላል።
"ዐሥር" ስለው "ዐሥራ አምስት" ብሎ ይጭናል።

ቀጥሎ ዘመኑ ገባ ጋቢና ውስጥ፤
ባለ አራት በር መጣ፣ ወንበሩ ሚያሰምጥ።
ካሶኒው አጠረ፣ በሸራ ተሸፈነ፤
የሹም፣ የኤንጂኦ፣ የሙሽራ አጃቢ ሆነ።
አንድ ኬሻ ከሰል ጫንልኝ ብትለው
"ይፋቃል" ይልሃል ሾፌሩ። ፒካፕ ነው!

አሁን ደግሞ ሙክታር፣ ትናንት የኔ ሯጭ፣
ስልኩን ደቅኖ ቆሟል፣ ቪዲዮ ቀራጭ፣
የቻይናውን መኪና ከኋላው አሰልፎ፣
ዝሆን አክሎ ቆሞ፣ እንደ ድመት አርፎ።
የገዢው ጥያቄ "ባንድ ቻርጅ የት ይደርሳል?"
"ስንት ይጭናል?" የሚል ሰው ካየሁ ቆይቷል።
ጋራው ላይ እነዚያ ነጫጭ ክንፎች እየዞሩ
መብራት የጠፋ ዕለት እስቃለሁ በሱ፤
ናፍጣ ሰልፍ ያደርሁ ዕለት ይስቃል በኔ እሱ።

ለሎሚ ፒካፕ ሦስት ሰው አመጣሁ።
አንዱ ዞረው፣ ዞረው፣ ጎማውን በእግሩ መታ፣
"ሙዚየም ውሰዱት" ብሎ ሄደ፣ ማኪያቶውን ሊጠጣ።
ሁለተኛው ሞተሩን ብቻ ነው የፈለገው፣
አዋሽ ዳር ቲማቲም አለው፣ ውሃ ሊስብበት ነው።
ሦስተኛው ሽማግሌ ነበር። ዋጋ አልጠየቀም።
መዳፉን ካሶኒው ላይ አሳርፎ ቆመ፣
ላሜራው በፀሐይ ግሎ እያቃጠለው፣ እጁን አላነሣም።
ከቦሩ ጋር ከመተሃራ ሐብሐብ ጭነው ያውቁ ኖሯል፤
አንድ ሌሊት ጎማ ፈንድቶ፣
መንገድ ላይ ሐብሐብ እየበሉ ነግቶባቸዋል።
ይህን ነግሮኝ ሄደ። አልገዛም።

እንግዲህ ሸረፋ በያጁ መጣ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።
ሞተሩ ወደ አዋሽ፤
ጋቢናው ለጎሚስታው፣ ዝናብ መጠለያ፤
የኋላ አክስሉ ከነጎማው ለዳዲ፣ ለባለ ጋሪው።
ሎሚ የኋላ መዝጊያውን ብቻ "ይቅርልኝ" አለች፤
ለዶሮ ቤቷ በር አረገችው።
ኮሚሽኔንስ? ወሰድሁ። ደላላ ነኝ አልኋችሁ፤
ብቻ ብሩን የቆጠርሁት ቤት ገብቼ ነው፣ እሷ ፊት አይደለም።

ትናንት አደባባዩ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ
የዳዲ ጋሪ መሐል፣ ሽንኩርቱ ተቆልሎ፣
ከኋላዋ የሙክታር አዲሱ ዝሆን፣
ያለ ሞተር ድምፅ፣ ተጠግቷት ቆሞ።
አህያዋ ፈቀቅ አላለችም።
ምኑን ሰምታ ትሽሽ?
ሙክታር ጡሩምባ ነፋ፣ ጆሮዋን ብቻ አዞረች፤
ቦሩ ያወልቀው የነበረ ያ የግራ ጎማ
ዛሬም ትንሽ ወደ ውጭ ያዘነብላል።

"ስንት ጫንክ?" አልሁት ዳዲን ከእግረኛው መንገድ።
"ስድስት" አለኝ፣ ልጓሟን እየሳበ።
ኬሻውን ቆጠርሁት።
ስምንት ነው።