ሲጢጥ

ራምላ ነው፤ ከሲሚንቶው ፋብሪካ ጀርባ፣
ሐሙስ ረፋድ፣ ፀሐይ በቆርቆሮው ሽንቁር ስትገባ፣
ሳሶን መጡ።
ይዘዋት መጡ፤ የስልሳ ስድስቷን ነጭ ፔጆ፣
ለባግዳዱ ሽማግሌ ሁለተኛ ጎጆ።

"ድምፅ አለ" አሉኝ፣ መሪውን እየዳሰሱ፤
"ወደ ግራ ሳዞረው እንደ ጨቅላ ነው ማልቀሱ።"
"ወደ ቀኝስ?"
"ወደ ቀኝ ጸጥ።"
ዋኤል፣ የሎዱ ልጅ፣ ከጎማ ሥር ብቅ ብሎ ሳቀ፤
"የዚህ አገር መሪ ነዋ! ግራው ነው የደረቀ።"
መሪ ሲጮህ ጎማ ዝም ማለቱን እኔም አውቃለሁ፤
በሁለት አገር አይቻለሁ።

ሦስት ጋራዥ ዞረዋል። አንዱ "ግንዱ ይቀየር" አለ፤
አንዱ "ሬዲዮውን ከፍ ያድርጉት" ብሎ ምክር አደለ፤
ሦስተኛው ለሠርግ ኪራይ ዋጋ ጠራላት፣
ኮፈኗን እንኳ ሳይከፍትላት።

እኔ መፍቻ አላነሳሁም።
የካቻቢቴውን ጫፍ ከግንዱ፣ እጀታውን ከጆሮዬ፣
ትንፋሼን ውጬ፣ ጨፍኜ ዓይኔን፣
"አዙር" አልኩት ዋኤልን፤
አዞረ። "መልስ" አልኩት፤ መለሰ።
ከታች ክሮቼራው ደኅና ነው። ከመሃል ምንም የለም።
ከላይ ግን፣ ከጡሩምባው ቀለበት ሥር፣
አንዲት ቀጭን፣ ደረቅ ሲጢጥ፣
እንደ አይጥ በጎተራ ውስጥ።

"ኩሽኔታው ነው" አልኩ፤ የጎንደር ጋራዥ ያወረሰኝ ቃል።
"ሩልማን" ብሎ ዋኤል ያርመኛል።
"መሳቭ" ይላሉ ሳሶን።
ብረቱ ስንት ስም እንዳለው የት ያውቃል?

ፈታሁት። ኩሽኔታም አልነበረ፤ የሱፍ ቀለበት ነው፣
ስልሳ ዓመት እጅ ያሸው፣ ሙቀት የበላው፣
በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆኖ ቡን አለ።
"ከፈረንሳይ ቢታዘዝ?"
"ሁለት ወር።"
"በሰማንያ ስምንት ዓመቴ" አሉ ሳሶን፣
"ሁለት ወር ለማንም አላበድርም።"

አባቴ ጭልጋ ውስጥ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበር።
ቀን ያሠራው ገበሬ ሲመሽ ዓይኑን ይሸሽ ነበር፤
ልጅ ያመመው ሁሉ ጣቱን ወደኛ ደጅ ይቀስር ነበር።
አንዱ መጣ፤ "ቀንበሬ ሲጢጥ እያለ በሬ አስበረገገብኝ።"
አባቴ ወናፍ አልነፋም። ጠፍር ቆረጠ፣ ሞራ አጠገበው፣
ከሞፈሩና ከቀንበሩ መሃል ሸጎጠና እንዲህ አለኝ፦
"ጠጣር ከጠጣር አይስማማም፤
ነፍስ የነበረው ነገር መሃላቸው ካልገባ አይተኙም።"

ቀበቶዬን ፈታሁ።
ዋኤል ደንግጦ ወደ በሩ አየ።
የመጣን ሰሞን፣ በመጠለያው፣
አንዲት ሴት ከልብስ ክምር መዝዛ የሰጠችኝ ናት፤
ያኔ ሁለት ጊዜ ልትዞረኝ ምንም አልቀራት።
ትርፍ ጫፏን አንድም ቀን አልነካኋት፣
እወፍር ይሆናል ብዬ።

ጣት ያህል ቆረጥኩ። በሞቀ ዘይት ነከርኩ፤
በስቼ፣ ሞርጄ፣ ከግንዱ አንገት ላይ አሰርኩ፤
በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ፣ በአንዱ ዳዶውን አጠበቅኩ።

ሳሶን ነዱ።
አደባባዩን በግራ፣ በግራ፣ ሰባት ጊዜ ዞሩት።
አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች
ሽማግሌው መንገድ የጠፋባቸው መሰላቸው።
ፔጆዋ ግን ጭጭ።

ተመልሰው ጨበጡኝ፤ "ወርቅ እጅ" አሉ።
ያው እጅ ነው። ጭልጋ ሌላ ስም ነበረው።
በቤንዚን ታጠብኩት፤
ጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር እንደሁ
ለሁለቱም ስም አልለቀቀም።

እሑድ ጠዋት ስልክ ጮኸ።
"ባየህ፣ መሪው ዝም ብሏል፤ እግዜር ይስጥህ።
አሁን ግን የበሩ ይሰማኝ ጀመር።"
"የትኛው በር?"
ትንሽ ቆዩ።
"የግራው።"