ስሙኒ

ሪያድ «አይ አር» ይለዋል።
እኔ «መልስ» እለዋለሁ፤
ሳጥኑን ትጠይቀዋለህ፣ ሳጥኑ ይመልስልሃል፤
ከመለሰልህ ወዲያ ሳጥኑ ባይኖርም ይሆናል።

ከዚራ፣ ከምድር ባቡሩ ክበብ ኋላ፣
ወንበር በተቆለለበት በዕቃ ቤቱ ጥላ፣
የጋሽ ጥላዬ ሳጥን ቆሟል፤
ጨርቁ ተልጧል፣ አንድ እግሩ ጎድሏል፣
ደቻቱ በሞላበት ሌሊት እስከ ወገቡ ውኃ ጠጥቷል።
ባለ አራት ስፒከር ነው፤ ሦስቱ ይሠራሉ፣
አራተኛው ሲነኩት «አቦ ተዉኝ» ይላል።

ጋሽ ጥላዬ ፊተር ነበር፤ ቀን የባቡር ሞተር ይፈታል፣
ቅዳሜ ማታ በዚህ ክበብ ጊታር ይመታል።
አሁን ጣቱ ይንቀጠቀጣል።
ወንበር ስቦ ተቀመጠ።
«ድምፁን ነው የምትወስዱት? ሳጥኑንስ?»
«ሳጥኑ እዚሁ ይቀራል፣ ጋሼ።»
«ታዲያ ምኑን ወሰዳችሁት?» አለና ሳቀ፣
ጫቱን በጉንጩ እንደ ቋጠረ።

እኩለ ቀን መረጥን፣ ድሬ የምትተኛበትን ሰዓት፣
ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ከየመንገዱ ሰብስቦ የሚያስገባበት።
ማይኩን ከስፒከሩ ፊት አራት ጣት አራቅነው፣
ከመሀሉ ወደ ጠርዙ ግማሽ ጣት አሸሸነው።
ግማሽ ጣት ብቻ!
መሀሉ ላይ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤
ጠርዙ ላይ ጋቢ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ይታፈናል።

ከዚያ ዝምታ ጠበቅን።
ባጃጅ አለፈ። ጠበቅን።
አዛን ተባለ። ጠበቅን።
የጎረቤት ፍየል፣ በፀሐይ ቋ ቋ የሚል የቆርቆሮ ጣሪያ፣
ደግሞ የጋሽ ጥላዬ ሳል።

ሪያድ ላፕቶፑን ነካ፤
ከጉድጓድ የተነሣ የሚመስል ድምፅ
ሆዳችንን አንቀጥቅጦ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣
የትንኝ ክንፍ አክሎ ከጆሯችን መነነ።
ጥያቄው ይኸው ነበር።
ኮምፒውተሩ ጥያቄውን ከመልሱ ላይ ገፈፈ፤
የቀረችው አንዲት «ቋ!»፣
ሁለት መቶ ሚሊ ሴኮንድ የማትሞላ።
ውስጧ ግን ጣውላው አለ፣ ሙጫው አለ፣
ጎርፉ የተወው እብጠት አለ።
ከእንግዲህ የቱንም ክር ብትነካ
እያንዳንዷ ቅንጣት በዚያች ቋ ታልፋለች፤
ሳጥን ሳታይ፣ ሳጥን ውስጥ ኖራ ትወጣለች።

ለጋሽ ጥላዬ ጊታሩን ሰጠነው፣ ሄድፎኑን አደረግንለት።
ቀስ ብሎ መታ። ዐይኑን ጨፈነ።
«እሱ ነው።»
አጥብቆ መታ። ዐይኑን ገለጠ።
«አይደለም። ስሙኒዬስ?»

አንድ ቅዳሜ ነው አሉ፣ ጊታሩ ጦፎ ሰው ብር ሲሸልመው፣
አንዱ ሰካራም ኪሱን ቢፈትሽ ስሙኒ ብቻ አገኘ፤
ከላብ የራሰው ግንባሩ ላይ ለጠፋት።
አንድ ምት ያህል ቆየች።
ከዚያ ወደቀች፣ ተንከባለለች፣
በሳጥኑ የጀርባ ቀዳዳ ሾልካ ገባች፤
ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ ሲቆጣ «ዝርርር» ትላለች።

ሪያድ ሊያስረዳው ሞከረ፦
«ጋሼ፣ ይሄ የሚይዘው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚመልሰውን ነው።
በቀስታ ሲነኩት ዝም፣ ሲቆጡት የሚንጫጫውን
አይችልም።»
«እንግዲያ እኔንም አይችልም» አለ ጋሽ ጥላዬ።

ካቻቢቴ ጠየቀ።
ስምንት ብሎን ፈታ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ፤
አንዷም አልወደቀችበትም።
እስከ ክርኑ ገብቶ ዳበሰ፤
አቧራ፣ የደረቀ ጭቃ፣ የሸረሪት ድር፣
በመጨረሻ እሷ፣ ዳሯ ጠቁሮ።
«ይቺን በእጃችሁ ውሰዱ።»

ስሙኒ።
በግእዝ ጆሮ ብትሰማት ልመና ትመስላለች፦
ስምዑኒ፣ ስሙኝ።

ማታ መጋላ ሠርግ ነበረብን።
መድረኩ ላይ ሳጥን የለም፤ እግሬ ሥር ደብተር የምታክል ማሽን።
ሰው ጨፈረ። ሳጥኑ የት አለ ብሎ የጠየቀን የለም።
ስመለስ የደቻቱ ድልድይ ላይ ባጃጁ ዘለለ፣
ኪሴ ውስጥ፣ ከፍላሿ ጋር፣ አንድ ነገር ቅጭል አለ።
ሹፌሩ ዞረ፦ «አቦ፣ ሳንቲም ነው?»
«መልስ ነች» አልኩት።
ያዘው ግን አላልኩትም።