ሦስት መቶ አንድ

ሱቁ ከፒያሳ ወደ አቶቴ ሲዞር፣
ቡሪሶ ወረቀት ለጠፈ ባሮጌው በር፤
ያንን ነፋስ ገነጠለው፣
ሌላ ለጠፈ፣ ዝናብ በላው።
በሦስተኛው ግን ላምቤቦን፣ ዘበኛውን፣
በርጩማ ሰጥቶ አስጠበቀው የባዶውን ቤት ደጃፉን፦
«መረብ ፈላጊ ከሐይቁ ሲመጣ
‹ተዘግቷል› የሚል ቃል ካፍህ እንዳይወጣ፤
መንገዱን አሳየው፣ ካልገባው ሂድ አብረህ፣
አዲሱ ደጅ አድርሰው ክንዱን ይዘህ።»

ለበር እንዲህ የተጠበበው ያው ቡሪሶ ራሱ
ለድረ ገጹ ሲሆን ግን ተጣደፈች ነፍሱ፦
«አዲስ ስም፣ አዲስ መልክ፣ ዛሬውኑ ማታ፤
አሮጌውን ጣይው፣ የምን ኮተት፣ የምን ጋጋታ!»
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አልኩ በሆዴ፤
ባፌ ግን፣ «ሦስት ሌሊት ስጠኝ፣ ወንድሜ።»
እሺ አለ። በግማሽ ዋጋ።

ጎግል ቤትህን አያውቅም፤ የሚያውቀው በርህን ነው።
በለመደው አድራሻ መጥቶ ያንኳኳል፣
መልስ ካጣ እንደ ተቀየመ ዘመድ ዝም ብሎ ይመለሳል፣
ስምህንም ከፊተኛው ረድፍ ገፍቶ ገፍቶ ይወስደዋል
ማንም ወደማይገልጠው አራተኛ ገጽ።

ደብተር ከፈትኩ። በግራ አሮጌው፣ በቀኝ አዲሱ፤
አራት መቶ አሥራ ሁለት አድራሻ፣ ሁሉም ቦታቸው እስኪደርሱ፦
የናይሎን ክር፣ የቡሽ ተንሳፋፊ፣ የጀልባ ቀለም፣
አንዳንዱ መንታ ነው፣ አንዳንዱ አቻ የለውም።
ሁሉንም ወደ መግቢያው ገጽ መንዳት ይቀል ነበር፤
ግን መንጠቆ የጠየቀን ሰው
ሳሎን አስቀምጦ መጥፋት ምን ይባላል?

በሁለተኛው ሌሊት፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣
ቡሪሶ «ይጥፋ» ብሎ በቀይ ያሰመረበት አንድ ገጽ ላይ ስደርስ፦
«የተቀደደ መረብ አሰፋፍ።»
ጸሐፊው አባቱ ናቸው፣ አቶ ዳንጊሶ፣ ነፍሳቸውን ይማር።
ሥዕል የለው፣ ዋጋ የለው፣ ነጥብ እንኳ የሌለው አንቀጽ።
መዝገቡን አየሁ፤ ከመቶ ጎብኚ
ስልሳው የሚገባው በዚህች በር ነው።
ከዝዋይ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከባሕር ዳር፣
መረቡ እጁ ላይ የተተረተረበት ሰው
በእኩለ ሌሊት በስልኩ ይጠይቃል፤
ሟቹም ይመልሳሉ፦
«ቀዳዳውን ለማጥበብ አትቸኩል፤ መጀመሪያ አስፋው።
ጤነኛ ቋጠሮ እስክታገኝ ድረስ ቁረጥ፤
ከዚያ ጀምር።»

ደውዬ አነበብኩለት። ቡሪሶ ዝም አለ፤
ከበስተኋላው የባጃጅ ጥሩምባ ብቻ ይሰማኛል።
«ይቆይ» አለ።
ቀዩን መስመር አነሣሁ፤ አጠገቡ
ሦስት መቶ አንድ ብዬ ጻፍኩ፤
በማሽኑ ቋንቋ «ለዘለቄታው ተዛውሯል» ማለት ነው፣
«ሞቷል» ማለት አይደለም።

ሁለት ሳምንት ወረድን። በየጠዋቱ እየደወለ ወቀሰኝ።
በሦስተኛው የአባቱ ገጽ ተመልሶ ከፊት ቆመ፤
የጀልባው ቀለም ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፣
የት እንደ ቀረ አላውቅም።

ትናንት በፒያሳ ሳልፍ፣ አሮጌው ሱቅ የስልክ ቤት ሆኗል፤
ላምቤቦ አሁንም ደጁ ላይ ተቀምጧል።
«እስከ መቼ ነው?» አልኩት።
«የሚጠይቅ እስኪቀር» አለና
በርጩማውን ወደ ጥላው ሳብ አደረገ።