ክር ቀጣይ

ሐረጎ ላይ መሬት ተንዶ መስመራችን ከተበጠሰ
ሁለተኛ ሌሊቴ ነው፤ ጉሙ ከጦሳ እየፈሰሰ።
ፒካፑ ኋላ ሸራ ወጥሬ፣ ባትሪ ግንባሬ ላይ አስሬ
በአልኮል አጸዳለሁ፤ ጠጉር የሚያህል ብርጭቆ ነው ክሬ።
ሰማያዊን ከሰማያዊ፣ ብርቱካንማን ከብርቱካን፣
አረንጓዴ፣ ቡኒ፣ ግራጫ፣ ጮክ ብዬ ስቆጥር እንደ ሕፃን
እብሬ ጃንጥላ ይዞልኝ፣ "አብሽር፣ ሊያልቅ ነው" ይለኛል፤
ጣቴ ግን በብርዱ ደንዝዞ ክሩን ሊጥለው ይዳዳዋል።

እናቴም ክር ቀጣይ ነበረች፣ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እግሯ ከማሽኑ ሥር ሳይርቅ።
ሲበጠስባት በሁለት ጣት ይዛ፣ በምራቋ አርሳ፣ ቋጥራ፤
"ቋጠሮው እንዳይታይ!" እያለ ፎርማኑ ከበላይዋ ሲያጓራ
ጆሮዋን ለማሽኑ ጩኸት ሰጥታ በጡረታ ወጣች።
ብደውል አትሰማኝም፤ በስተርጅና መጻፍ ለመደች።

የእኔው ቋጠሮ የለውም። ብልጭ ይላል፣ ይቀልጣል፣ አንድ ይሆናል፤
"ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት" ይላል ማሽኑ፤
ያችን ታህል ብርሃን ብቻ ትጎድላል።

ሲነጋ አርባ ስምንቱም ተጋጠሙ፤ ሣጥኑን አትሜ ቀበርኩ።
"ጨርሻለሁ" ብዬ ደወልኩ።
ስልኩ ሠራ። ባንኩ ሠራ። ወዲያ ማዶ ያለው ግን ጨለማ።
ትራንዚተሩ ሽኩር ደወለ፣ የምለውን እንኳ ሳይሰማ፦
"የቻይናው ሰነድ አልከፈት አለኝ፤ ቀጥያለሁ አላልክም ወይ?"
"የእኔን ቀጥያለሁ። ይሄኛው ባሕር ውስጥ ነው፣ ከጅቡቲ ወዲያ፤
መርከብ መልሕቁን ሲጎትት በጥሶት ነው፣ አትሰማም ወይ?"
"የምን ባሕር ነው የምታወራው?" አለኝ፣
ደረቅ ወደብ ላይ ቆሞ።

ባሕር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ውሃ ቦርከና ነው፣
ክረምት መንገድ የሚዘጋ፣ በበጋ ጠጠሩ የሚቆጠር።
ግን ይህ ክር ከጫማዬ ሥር ተነስቶ፣ ባቲን፣ ሚሌን አልፎ፣
ጋላፊ ላይ አሸዋ ለብሶ፣ ጨው ውስጥ ይገባል፣ ዓሣ ከላዩ ተሰልፎ።
እዚያ አንዱ፣ ስሙን የማላውቀው፣ መርከብ ላይ ጎንበስ ብሎ፣
ማዕበል ክንዱን እየገፋው፣ ሰማያዊን ከሰማያዊ አስተካክሎ...
እሱም ይቆጥር ይሆናል፣ በራሱ ቋንቋ፣ ጮክ ብሎ።

በአምስተኛው ቀን ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተርገበገበ።
የእናቴ መልእክት ነው፤ የመጀመሪያው ሌሊት የተጻፈ።
ከዚህ ቁልቁል ድንጋይ ባንከባልል ቆርቆሮዋ ላይ ያርፋል፤
ቃሏ ግን እኔ ጋ ለመድረስ ባሕሩን በሥሩ ያልፋል፣
ማርሴይ ይሁን የት ደርሶ፣
ዞሮ ዞሮ ነው ይህን ዳገት የሚወጣው።
ከፈትኩት፦
"ጓንትህን በሩ ላይ ረስተሃል። ተመለስ፣ ሩቅ አልሄድክም።"